በርበሬ ፍለጋ በአንድ ብርጭቆ ሲራ ውስጥ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሚሠራው ወንድሜ ሦስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዞልን መጣ። ሲራ ከሚባል የወይን ዝርያ የተጠመቀ፣ ያውም ከአንድ ማሳ ብቻ የተለቀመ ስለሆነ ውድ ነው አለን። ‹በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ የጭስና የሥጋ መዓዛም አለው› ብሎን ነበር። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም ስለተባልን ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ከቁም ሣጥን አውጥተን ከዓሣ ጥብስና ከክትፎ ጋር አንዱን ከፈትነው። እኔ የበርበሬ ሽታ ጨርሶ አልሸተተኝም። አፍ ያደርቃል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ከሥሩም አተላ ነገር አለው። ባለቤቴ ተበላሽቷል ብሎ ኮካ ጨምሮበት ጠጣ፤ ማታ ራሱን አመመው፤ ጥፋቱንም በጠርሙሱ ላይ ‹ሰልፋይት አለው› ተብሎ በተጻፈው የማቆያ ኬሚካል ላይ ጣለ። ወንድሜ ተታሎ ነው ወይስ እኛ አጠጣጡን አላወቅንበትም? የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ከአራት ዓመት በኋላ ለልጃችን ምርቃት ብናስቀምጣቸውስ?»

ምላሽ፦ የፈለጉት በርበሬ እዚያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ወንድምዎ ሊል የፈለገው ቁንዶ በርበሬ ነው። በእንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሚያገለግል ወደ አማርኛ ሲመለስ ቁንዶው መንገድ ላይ ይቀራል። በሥልጠና ክፍሎች ውስጥ ይህ ስሕተት ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ አልቆጥረውም፤ ሠልጣኙ ወይኑን አሽትቶ ድልህ ይፈልግና ሲያጣው «አፍንጫዬ አይሠራም» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። አሁን የተወቀጠ ጥቁር ቁንዶ በርበሬ እያሰቡ እንደገና ይሞክሩት።

ይህም ሆኖ ላይሸትዎ ይችላል። ሲራ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ የሚሸተው ሮታንዶን የሚባል ውሕድ ስላለ ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ እንዳደረጉት ቁንዶ በርበሬውን ራሱን ቁንዶ በርበሬ የሚያሰኘውም ይኸው ውሕድ ነው። ኃይሉ የሚገርም ነው፤ አንድ ግራም ለአንድ ቢሊዮን ተከፋፍሎ 16ቱ ክፋይ በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ ቢገባ የሚሸተው ሰው አለ። ከተፈተኑት ሰዎች ግን ከአምስት አንዱ ያህል መጠኑ ብዙ እጥፍ ቢጨመርላቸውም ምንም አልሸተታቸውም። የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ በልምምድ አይመጣም፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ከዚህ በተጨማሪ ውሕዱ በብዛት የሚገኘው ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ፍሬው ቀስ ብሎ ሲበስል ነው። ከሞቃት ማሳ የመጣ ሲራ ቁንዶ በርበሬው እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጠርሙስዎ የሌለውን ነገር እየተጠየቀ ሊሆንም ይችላል።

ጉሮሮ ማቃጠሉ ግን በዋናነት ከአንድ ምንጭ የመጣ ይመስለኛል። ወይኑን የጠጣችሁት ሞቆ ነው።

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለው ብሂል የተወለደው ማሞቂያ ባልነበራቸው የአውሮፓ ቤቶች ውስጥ ነው። እዚያ ክፍል ማለት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በእሑድ ምሳ ሰዓት፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቁም ሣጥን ይህን አያውቅም። አዳማ ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ እዚያ በአንድ ሆቴል አስተናጋጆችን ሳሠለጥን ወይኖቹን ከቡና ማሽኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው፤ አንዱን ባነሣው እንደ ሕፃን ጡጦ ለብ ብሏል። ቴርሞሜትር ስከትበት 29 ዲግሪ አሳየ። ከዚያው ጠርሙስ ግማሹን በበረዶ ውሃ አቀዝቅዤ፣ ግማሹን እንዳለ አድርጌ፣ በሁለት ብርጭቆ ሳልነግራቸው አቀረብኩላቸው። ከዘጠኙ ሰባቱ ሁለት የተለያዩ ወይኖች ናቸው አሉ፤ ሞቃቱን ደግሞ «አረቄ የገባበት» ብለው ሰየሙት። ሲራ ብዙውን ጊዜ የአልኮል መጠኑ ከ13.5 እስከ 14.5 በመቶ ስለሚደርስ ሲሞቅ ከፍሬው ቀድሞ አፍንጫ ላይ የሚወጣው አልኮሉ ነው። ጉሮሮ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። በተቃራኒው ከፍሪጅ እንደወጣ በ5 ዲግሪ ቢጠጡት መዓዛው ይታፈናል፤ አፍ ማድረቁም ይከፋል። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት፤ ከቸኮሉ በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ 12 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጠርሙሱን ሲይዙት መዳፍዎን በግልጽ ሊያቀዘቅዝ፣ ግን ሊያደነዝዘው አይገባም።

አፍ ማድረቁን ባለቤትዎ የመበላሸት ምልክት አድርጎታል፤ አይደለም። እኛ ጣፋጭ ጠጅና ጣፋጭ ወይን የለመድን ሰዎች ሦስት ነገሮችን «መረረኝ» በሚል አንድ ቃል እንጠቀልላቸዋለን። ኮምጣጣ ነገር ምራቅ ያመነጫል፣ ጥርስ ያጠርሳል፤ ጮርቃ ወይን የበላ ሰው ያውቀዋል። መራራ ነገር ከተዋጠ በኋላም ምላስ ላይ ይቆያል፤ ጌሾን ያስቡ። ሦስተኛው ግን ጣዕም ሳይሆን የሚዳሰስ ስሜት ነው፤ ስኳር የሌለው፣ ረዥም ሰዓት የተንተከተከ ሻይ ሲጠጡ ወይም ያልበሰለ ሙዝ ሲገምጡ ድድና ምላስ እንደሚያዝ ዓይነት። ይህ ታኒን ነው። ከወይኑ ልጣጭና ከፍሬው ዘር ይመጣል፤ ምራቅን የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች ያዝ አድርጎ ያስቀራቸዋል፤ ምላስም ከላንቃ ጋር በደረቁ ይፋተጋል። የሲራ ልጣጭ በቀለምም በታኒንም የበለጸገ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ ታኒን አለው ወይስ የለውም ሳይሆን ሲይዝ እንደ ከፋይ ጨርቅ ነው ወይስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚለው ነው። አተላውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፦ ታኒኑና ቀለሙ ከጊዜ ጋር እየተቆራኙ ይከብዱና ይዘቅጣሉ። ጤናን አይጎዳም፤ አፍ ላይ ግን ደለል ነው። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ከዚያ ቀስ አድርገው ወደ ንጹሕ የመስታወት ጆግ ይገልብጡት፤ በጠርሙሱ አንገት በኩል የስልክ መብራት ቢያበሩ አተላው ሲመጣ ያዩታልና እዚያ ላይ ያቁሙ።

በእውነት የተበላሸ ወይን ሌላ መልክ አለው። ዝናብ መትቶት ጥግ ላይ የከረመ ጆንያ ወይም ርጥብ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ አበላሽቶታል፤ መድኃኒት የለውም፤ ማናፈስም አያድነውም። ቡሹ ወደ ላይ ከተገፋ፣ በአንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ፍሳሽ ከደረቀ፣ ሽታውም እንደተቀቀለ ማርማላታ ከሆነ በጉዞ ወይም በማከማቻ ሙቀት ተቃጥሏል። ኮምጣጤ ከሸተተ ኮምጣጤ ሆኗል። አንድ ነገር ግን አያሳስትዎ፦ ሲራ አንዳንዴ ሲከፈት የተጫረ ክብሪት ወይም የተቀቀለ እንቁላል ይሸታል። በጠርሙሱ ውስጥ አየር አጥቶ ስለቆየ ነው፤ ጆግ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲናፈስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከጻፉልኝ ውስጥ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም።

«ከአንድ ማሳ» የሚለው ላይ ወንድምዎ አልተታለለም፤ ግን ቃሉ የተሸከመው እሱ እንደሚያስበው ደረጃን አይደለም። ቃሉ የሚመሰክረው አድራሻን ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕግ አንድ አምራች ይህን ለመጻፍ ማሳው በይፋ የተመዘገበ፣ ከስድስት ሄክታር ያልበለጠና አንድ የወይን ዝርያ ብቻ የተተከለበት መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከወይኑ 95 በመቶው ከተጠቀሰው ማሳ ከሆነ ይበቃል። ማሳው መጥፎ ከሆነ ወይኑም የመጥፎ ማሳ ወይን ነው፤ ጽሑፉ ያው ነው። የአውስትራሊያው ፔንፎልድስ ግሬንጅ፣ ከዓለም ስመ ጥር የሲራ ወይኖች አንዱ፣ ከብዙ ማሳዎች ተመርጦ የሚደባለቅ ነው። በሰሜናዊ ሮን ሸለቆ፣ በሲራ የትውልድ አገር በፈረንሳይም፣ በኤርሚታዥ ኮረብታ ላይ የተለያዩ ቁራሾችን ማደባለቅን እንደ ጥበብ የሚቆጥሩ አሉ፤ በዚያው ሸለቆ ባለችው ኮት ሮቲ ደግሞ አንዲት ተዳፋት ብቻዋን ጠርሙስ ላይ ስሟ ይጻፋል።

እርስዎ የሲዳማ ሰው ስለሆኑ በቡና ልንገርዎ፤ እኔም ወደ ወይን የመጣሁት በቡና ቅምሻ ጠረጴዛ በኩል ነው። «ሲዳማ» ተብሎ የሚሸጥ ቡና አለ፤ ከዚያ ጠበብ ብሎ የአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ቡና አለ፤ የጣቢያው ግን የብዙ መቶ ገበሬዎች እሸት ነው። ከዚያም አልፎ የአንድ ገበሬ ማሳ ብቻውን ታጥቦ፣ ብቻውን ደርቆ ይመጣል። ይኸኛው የግድ ከጣቢያው ቡና አይበልጥም፤ ግን ጠባዩ የራሱ ነው፤ ጉድለቱንም የሚደብቅለት ጎረቤት የለውም። የአንድ ማሳ ሲራም እንዲሁ ነው። ውሃው በአፈሩ ውስጥ እንዴት እንደሚወርድ፣ ተዳፋቱ ወደ የትኛው ፀሐይ እንደሚያይ፣ ማታ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ የሐረጉ ዕድሜ፣ እነዚህ የፍሬውን መጠንና የአበሳሰሉን ፍጥነት ይወስናሉ። ድንጋዩ ራሱ በሥር ተስቦ ምላስ ላይ አይደርስም፤ «የግራናይት ጣዕም አለው» ሲሉ ምሳሌያዊ አነጋገር አድርገው ይስሙት።

ታዲያ የአንድን ማሳ ጠባይ ለብቻው ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። ሰው ሁሉ ይህን ይዘለዋል፤ ቡና ቀማሽ ግን አንድ ስኒ ብቻ ቀምሶ ፍርድ አይሰጥም። ከሐዋሳ ወደ አዳማ ሲሄዱ በመንገድዎ ላይ ባቱ አካባቢ የወይን እርሻ አለ፤ ከሚተከሉት ዝርያዎችም አንዱ ሲራ ነው። ከዚያ የተሠራ አንድ ጠርሙስ ሲራ ይግዙና ከወንድምዎ ወይን ጎን ያስቀምጡት። የትኛው ይበልጣል ብለው አይፎካከሩ፤ አንዱ ላይ ያለ፣ ሌላው ላይ የሌለ ምንድን ነው ብለው ብቻ ይጠይቁ። የባቱው ከምድር ወገብ ብዙም ሳይርቅ የበቀለ ነው፤ ሐረጉን የሚያስተኛው ብርቱ ቅዝቃዜ ስለሌለ ገበሬው በመግረዝ ነው የሚመራው። ልዩነቱ ጎልቶ ይመጣል።

ቅምሻውን ምሳ ሳይቀርብ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ያድርጉት። ቡና አይቆላ፣ ዕጣን አይጨስ፣ ሽቶም አይነስነስ፤ ይህን አጥብቄ የምለው ለማካበድ አይደለም፤ የዕጣን ጭስ ባለበት ቤት ውስጥ የሲራን የጭስ መዓዛ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ እግር ያለው ብርጭቆ ይያዙ። ብርሌ ለዚህ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሆዱ ሰፊ ነው፣ አንገቱ መዓዛውን ይይዛል፤ ግን አፍንጫ አይገባበትም። ሩብ ያህል ብቻ ይቅዱ። መጀመሪያ ሳይነቀንቁ ያሽትቱ፤ ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ አምስት ስድስት ጊዜ አዙረው እንደገና ያሽትቱ። በሁለቱ መካከል የተጨመረውን ይያዙ። ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ የፍራፍሬ ዝርዝር አያስፈልግዎትም። ጥቁሩን፣ የበሰለውን ዶቅማ ያስቡ፤ አጋም ያስቡ፤ የወተት ዕቃ የታጠነበትን የወይራ ጭስ፣ ገመድ ላይ ሦስተኛ ቀኑን የያዘ ቋንጣ፣ በጣት የታሸ የጥብስ ቅጠል። ወንድምዎ «የሥጋ መዓዛ» ያለው ያን ቋንጣ ነው፤ የጥሩ ሲራ መታወቂያም ነው። ቅርንፉድና ቫኒላ ከሸተተዎት ከወይኑ ሳይሆን ወይኑ ከከረመበት የባሉጥ እንጨት በርሜል የመጣ ነው፤ እሱ ብቻውን ከጎላ ማሳው ተሸፍኗል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ጉንጭ። ወዲያው አይዋጡ፤ እንደ ቡና ቀማሽ ከንፈርዎን ሾል አድርገው ትንሽ አየር ይሳቡበት፤ መዓዛው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይመለሳል። የመጀመሪያዋን ጉንጭ አይፍረዱባት፤ አፍን ማስለመጃ ናት። በሁለተኛዋ ታኒኑ የት እንደያዘዎት ይዩ፦ ድድ ላይ፣ ጉንጭ ላይ ወይስ ምላስ ላይ? ከዋጡ በኋላ በልብዎ ይቁጠሩ። ጣዕሙ ከአምስት ሳይደርሱ ከጠፋ ተራ ወይን ነው፤ አሥርን፣ አሥራ አምስትን አልፎ ከቀጠለና እየቀጠለም ከተለዋወጠ ወንድምዎ ገንዘቡን አልጣለም። ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ አስቀርተው ከ40 ደቂቃ በኋላ ይመለሱበት፤ ሲራ በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙ ይናገራል።

በምግቡ በኩል እሑድ ሁለት ጥፋት ተደራርቧል። ዓሣው በነጭ ወይን ቢሆን ይሻል ነበር፤ በቀይ ወይን ውስጥ ያለ ብረት ከዓሣ ስብ ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ የሳንቲም ዓይነት ጣዕም ይተዋል። ከአሞራ ገደል የመጣ ትኩስ ቆሮሶ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ ያንሳል፤ ግን ለዚህ ወይን ጓደኛው አይደለም። ክትፎው በራሱ መልካም ነበር፤ ሥጋውና ቅቤው ታኒኑን ያለዝቡታል። ያጠፋው ሚጥሚጣው ነው፤ ማቃጠሉና አልኮሉ ይደጋገፋሉ፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ጉሮሮዎ የነገረዎት ትክክል ነበር። የዶሮ ወጥም ለዚህ ወይን አይሆንም፤ ስሙ በርበሬ በርበሬ ስለተባለ ብቻ ከበርበሬ ጋር አይዛመድም። በከሰል የተጠበሰ የበሬ ጎድን፣ በጥብስ ቅጠል የታሸ፣ ጨው እንጂ አዋዜ ያልነካው፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። እንጀራው ይኑር፤ ኮምጣጣነቱ ወይኑን ለስለስ ያደርገዋል።

የኮካው ነገር ኃጢአት አይደለም። በሰሜን ስፔን የሚኖሩት ባስኮች ቀይ ወይንና ኮካ ደባልቀው ካሊሞቾ ብለው በአደባባይ ይጠጣሉ። በተራ ወይን ነው እንጂ የሚያደርጉት በዚህ አይደለም። ስለ ራስ ምታቱ ሰልፋይቱን ማውገዝ አስቸጋሪ ነው፤ ነጭ ወይን በአብዛኛው ከቀይ የበለጠ ሰልፋይት ይዟልና። በሞቃት ቀን፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ማቃጠሉ በኮካ ስኳር የተሸፈነ 14 በመቶ አልኮል በላይ በላዩ መጎንጨት ለራስ ምታት ከበቂ በላይ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን ሰልፋይቱን በቁም ነገር ይውሰደው፤ እርጉዝ ሴት አትቅመስ፤ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚያሽከረክርም በቅምሻ ስም ራሱን አይሸንግል።

የምርቃቱን ሐሳብ ይተዉት። ጥሩ ሲራ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ግን ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ባለ፣ ቀንና ሌሊት በማይለዋወጥ፣ ጨለማ ቦታ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ቤትዎ ዋሻ አይደለም። በየቀኑ እየሞቀና እየቀዘቀዘ ቡሹን የሚገፋና የሚስብ ወይን በአራት ዓመት አይጎለምስም፤ ያረጃል። የምመክርዎ ይህን ነው፦ ሁለቱን ጠርሙሶች ዛሬውኑ ከቁም ሣጥኑ አውጥተው ከመሬት አጠገብ፣ ፀሐይ በማያገኘው የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ያጋድሟቸው፤ ከወጥ ቤትና ከፍሪጅ አናት ያርቋቸው። አንዱን በዚህ ወር ውስጥ ከላይ እንዳልኩት ይክፈቱት፤ ሁለተኛውን ዓመቱ ሳይሞላ። ከከፈቱ በኋላ የተረፈው ቡሹ ተመልሶበት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል፤ በሁለተኛው ቀን አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ወንድምዎ ተመልሶ ሲመጣ ሦስት አንድ ዓይነት ጠርሙስ አያምጣ። ከአንድ አምራች፣ በአንድ ዓመት የተለቀሙ፣ ግን ከሁለት የተለያዩ ማሳዎች የተጠመቁ ሁለት ሲራዎች ይፈልግ። በሻንጣው መካከል በልብስ ጠቅልሎ ያምጣቸውና ለሁለት ሳምንት ያህል ሳይነኩ ያሳርፏቸው፤ ከዚያ ጎን ለጎን ይቅዷቸው።